ቀርከሃው ሳይደርቅ

ሰናይት ከለቅሶው ድንኳን ተነስታ ወጣች። ቁልቁል ወደ ገደሉ አፋፍ ወርዳ፣ ትናንት የተቀበረው አባቷ ጀምሮ የተወውን ቤት ዞረችው። እንደ ቅርጫት የተጎነጎነው ግድግዳ ከቁመቷ አልፏል፤ አናቱ ግን ገና ለሰማይ ክፍት ነው። ከተሰነጠቀው ቀርከሃ አንዱን አንስታ አጎበጠችው፤ ታዘዘላት።

ሮጣ ተመለሰች።

«ጋሼ ሕዝቅኤል!» አለችው የአባቷን ታናሽ ወንድም። «ቀርከሃው ገና እርጥብ ነው! ሁለት ቀን ካደረ ይደርቃል፤ ከደረቀ ይሰበራል። ቤቱን ዛሬውኑ እንቀጥል!»

አክስቷ አገኘሽ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ፣ «ሐዘን አዞራት፤ አባቷ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ!» ስትል አንሾካሾከች።

አባቷ ዳምጤ በጨንቻ የታወቀ ቤት ሠሪ ነበር። አንድ ጊዜ ምስጥ የአማቱን ቤት ከሥር ሲበላው፣ አማቱ «ሬሳዬ ካልሆነ ከዚህ አልወጣም» አሉ። ዳምጤ አልተከራከራቸውም። ሠላሳ ሰው ጠርቶ የቀርከሃውን ቤት እንዳለ ከመሬት አስነስቶ ወደ ሌላ ቦታ አሸከማቸው። ተሸካሚዎቹ ሲራመዱ አማቱም ከውስጥ ሆነው፣ እየተሳደቡ አብረው ተራመዱ።

ሰናይት አርባ ምንጭ አርክቴክቸር ተምራ ስትመለስ የብሎኬትና የቆርቆሮ ሎጅ ንድፍ ይዛለት መጣች። «ያምራል» አላትና ስልኳን ተቀብሎ በአሮጌው የቀርከሃ ቤት አንድ ቀን እንድትውል ለመናት። ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የጎረቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ እሷ ያለችበት ቤት ውስጥ እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። ስትወጣ ንድፉን ቀደደችው።

«ከከተማ ጫጫታ ሸሽተው ለሚመጡት ታዲያ ምን እናዘጋጅላቸው?» አለችው።

«ምንም! እኛ ቤት ገብተው ሥራ ይፍቱ።»

ሁለቱም ሳቁ። ለእንግዳ አራት ቤት ሊሠሩ ተስማሙ፤ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ሕዝቅኤል ይህን አስታውሶ ካፖርቱን አወለቀ። «ወንድሜ ተቀምጦ ማልቀስ መቼ ያውቅ ነበር? ለቅሶውን እዚያው ቤቱ ጋ እንቀመጣለን!»

በማግስቱ ከካምባ የመጡ ለቀስተኞች ድንኳኑን ባዶ አገኙት። ከጫኖ የመጡት ሙዛቸውን አስቀምጠው ቀርከሃ ያቀብሉ ጀመር። አገኘሽ ንፍሮውን ወደ አፋፉ አመጣች።

በሦስተኛው ቀን አናቱ ብቻ ቀረ። ሰናይት መሰላሉን ያዘች።

«ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አዘጋጉን አባዬ ያሳየው ለእኔ ነው። ሌላ የሚያውቅ ካለ ይውጣ።»

ሽማግሌው መሰላሉን ደገፈላት። ወጣች። የመጀመሪያው ቀርከሃ ቋ ብሎ ተሰበረ፤ ከታች ያሉት ጮኹ። «ውኃ!» ብላ ጠራች። ሁለተኛውን አርሳ አጠፈችው፤ ያዘ። ከአባያ ሐይቅ በኩል ደመና እየገፋ ነው። «ፍጠኚ! በርቺ!» ይላሉ። የመጨረሻውን ጫፍ ስታስገባ አገኘሽ እልል አለች። ለቅሶ ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች። ከዚያ እጇን አነሳችና ደገመችው፤ ሁሉም ተቀበላት።

ዝናቡ ሲጀምር ሰናይትን ቅደሚ አሏት። በጠባቡ በር ጎንበስ ብላ ገባች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆየችና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ፣ አባቷ ተከትሏት እንደሚገባ ሁሉ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ከጎኗ ለቀቀች።