ሌባው ያልፈታው ቋጠሮ

ሐሙስ ቀን ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። እርጉዟ ባዝራ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ የኋላ እግሮቿ ከዷት፤ ጭቃው ላይ እንደ ጆንያ ተዘርራ በጎኗ ወደቀች። ከፊት ሆና ትመራት የነበረችው ሴት አልጮኸችም። ገመዱ ከእጇ ሲያመልጥ መዳፏን ላጠው። መዳፏን አየች፣ ከዚያ ባዝራይቱን አየች፣ ከዚያ እንደገና መዳፏን። ከኋላ የተከተሏት ሦስት ፈረሶች ቆመው ይጠብቃሉ።

የፈረስ እርባታው ትንሽ ነው። አንድ ጋጣ፣ አንድ የድርቆሽ መጋዘን፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አራት ፈረሶች። ከግቢው ግርጌ፣ ከአንድ የእንጨት በር ወዲያ፣ እስከ ወንዙ የሚወርድ መስክ አለ። ብርድ ሲገባ በሩ ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪያገግም ፈረሶቹ በድርቆሽ ይከርማሉ። ብርዱ ሲለቅ ይከፈታል። ዘንድሮም ብርዱ መልቀቅ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት አመዳዩ እየቀለጠ ከጣራው ጠብ ጠብ ይላል፤ ፈረሶቹ ሲቦረሹ የብርድ ጠጉራቸው እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይወጣል፤ ወንዙ ዳር አረንጓዴ ብቅ ብሏል። ድርቆሹም አልቆ የመጋዘኑ ወለል መታየት ጀምሯል። በሩ ግን እንደተዘጋ ነው።

በሩን የዘጋው ባሏ ነበር። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በወፍራም ገመድ ቋጠረው። ወደ ቤት ገብቶ እጁን ታጠበ። "ደረቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል፣ እስቲ ልጋደም" አለ። ሻይ አፍልታ ስትገባ ሞቶ አገኘችው። ሻዩ ገና ይተን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ መሥራት ያለባትን ሁሉ ሠርታለች። ፈረስ አብልታለች፣ አጠጥታለች፣ ጋጣ ጠርጋለች። ምግብ ሲቀርብላት ትበላለች፣ ካልቀረበላት አትጠይቅም። አላለቀሰችም። ሊያጽናኗት የመጡ ዘመዶች "አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" ሲሏት "እሺ" ትላቸዋለች፤ ልክ "በሩን ዝጊው" እንዳሏት። እምቢ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቋጠሮ ማስነካት። ስለዚህ ሣሩ ብቅ ካለ ጀምሮ ፈረሶቹን በዋናው መንገድ፣ ኮረብታውን ዞራ፣ በጎረቤት መሬት አሳልፋ ነው መስኩ ላይ የምታደርሳቸው። ማታም በዚያው ትመልሳቸዋለች። በሩ ቢከፈት መንገዱ አንዲት ሲጋራ እንኳን አያስጨርስም።

የቋጠሮው ነገር እንዲህ ነው። ከፈረሶቹ አንዱ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ፣ ስሙ ሌባው ነው። ስሙን ያወጣለትም ባሏ ነው። ሌባው ሰርቆ አይበላም፤ ሙያው ቋጠሮ መፍታት ነው። በከንፈሩ ይዳስሳል፣ በጥርሱ ይጎትታል፣ ትንሽ ያስባል፣ እንደገና ይጎትታል፤ በሩም ወለል። ያን ጊዜ ባሏ ከቤት ይወጣና "አንተ ሌባ! አንተ የሌባ ልጅ!" እያለ ይሮጣል። ፈረሱ ጅራቱን ሰቅሎ ግቢውን ይዞራል፣ ባሏ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም እያለከለኩ ሲቆሙ ባሏ ከኪሱ ደረቅ ዳቦ ያወጣለታል።

"ሌባ ትቀልባለህ?" ትለዋለች።

"ሙያ ይከበራል" ይላታል።

እሱ አዲስ ቋጠሮ ይፈጥራል፣ ፈረሱ ይፈታዋል። የመጨረሻውን ቋጥሮ የገባ ዕለት፣ እጁን እየታጠበ፣ "ይሄንንስ እንኳን እሱ፣ አያቱም አይፈታው" ብሎ ነበር። ስለ ደረቱ ከማንሣቱ በፊት የተናገረው ይህንን ነው።

ብርዱ ገብቶ እስኪወጣ ሌባው አልፈታውም። ሴትየዋ ባልዲ ይዛ ስታልፍ ቋጠሮውን ከሩቅ ታየዋለች፤ እዚያው አለ። ባሏ አሸነፈ ማለት ነው። በቀን ውስጥ የምታስበው ይህችኑ ነበር። ሌላ ሐሳብ አይመጣላትም።

ባዝራይቱን ከጭቃው ያስነሣት ጎረቤታቸው ነው፤ በጭነት መኪናው ሲያልፍ ደርሶ። አፉ ስለማያርፍ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ይለዋል። ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ትከሻውን ከጎኗ ሥር አስገባ።

"በይ እመቤቴ፣ ተነሺ። እኔ በዚህ ወገቤ፣ አንቺ በዚህ ሆድሽ፣ ሁለታችንም አናምርም። በይ! እንዲህ ነው እንጂ!"

አቆማት። ከዚያ ሆዷን በሁለት እጁ ዳበሰና ጆሮውን ለጠፈ። ሬዲዮ ዝም ሲል ያየ ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ዝም አለ።

"ይንቀሳቀሳል" አለ በመጨረሻ። "ግን እህት ዓለም፣ ሁለተኛ እንዲህ ከወደቀች ውርንጭላውን ትጥለዋለች። እሷም ላትተርፍ ትችላለች። በር እያላችሁ በመስኮት የምትወጡት ምን ነክቷችሁ ነው?"

"ተዘግቶ ነዋ።"

"የተዘጋ ይከፈታላ! በር ለምን ተሠራ ታዲያ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ካልሆነ እስክትወልድ አራቱንም ለእኔ ስጪኝ። ሣሩ ደጃፌ ነው። በዚህ መንገድ ግን ከእንግዲህ አላሳልፍሽም። በእኔው መሬት አይደል የምታልፊው? ከፈለግሽ ክፉ በይኝ።"

"እሺ" አለች።

የቱን እሺ እንዳለች ሬዲዮ አልገባውም። እሷም አታውቀውም።

አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ጋጣው ደጅ ቆመው ጠበቋት። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ አብረዋት ይኖራሉ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን ተነጋግረው አያውቁም። ባዝራይቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩ። ጭቃውን አዩ። የምራታቸውን መዳፍ አዩ። ወደ ቤት ገብተው ቢላዋ ይዘው ወጡ።

ሴትየዋ ተከተለቻቸው።

"አባባ፣ ወዴት ነው?"

"በር ልከፍት።"

"አይቁረጡት።"

ሽማግሌው ቆሙ። በዚህ ቤት ገመድ አይቆረጥም። ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው በሕፃንነቱ አንድ ገመድ ቆርጦ ቢያገኙት፣ "ገመድ የሚቆርጥ ሰነፍ ነው" ብለው ቀኑን ሙሉ ሲቀጥል አውለውታል። ቢላዋውን እያገላበጡ አዩት።

"ልፈታው እንዳልል ጣቶቼ መርፌ እንኳን አይጨብጡም" አሉ። "ከቋጠሮው ወዲህና ወዲያ ነው የምቆርጠው። ቋጠሮውን እንዳለ ትወስጂዋለሽ። ሣጥንሽ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ።"

"ምን ላደርገው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ሰው ብዙ ነገር ያስቀምጣል።"

"ባይቆረጥ ይሻላል።"

"ታዲያ ፈረሶቹን ለሬዲዮ እንስጥ? ጥሩ ሰው ነው፣ እኔ አልጠላውም። ግን ከሄዱ ይህ ግቢ ምን ሆኖ ሊቀር ነው? አንቺና እኔ ተያይተን ልንውል?"

ሴትየዋ ጋጣውን አየች። ባዝራይቱ ጭቃዋ እየደረቀ አንገቷን ደፍታለች።

"ሌባው ይፍታው" አለች። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። "እሱ ከፈታው እሺ። ሌላ ሰው አይነካውም።"

"ፈረስ ዳኛ ልትሾሚ?" አሉ ሽማግሌው። ቢሆንም ቢላዋውን ኪሳቸው ከተቱ። "አምጪው እስቲ።"

ሌባውን አምጥታ በሩ ፊት አቆመችውና ማሰሪያውን ፈታችለት። ፈረሱ ቋጠሮውን አሸተተ። ሽማግሌውም እሷም ይጠብቃሉ። ፈረሱ ግን ፊቱን መለሰና ወደ ቤቱ በር አየ፣ ጆሮዎቹን ወደዚያው ቀስሮ። እንዲሁ ቆየ። በመጨረሻ አንገቱን ጣለ፣ አንድ የኋላ እግሩን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ገመዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ነይ እስቲ፣ እዪው።"

ሌባው የነካው ገመድ ያስታውቃል። እንዳረጀ መጥረጊያ ይንጨባረራል፣ ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ይሰረጉዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ክር አልተነሣም። እጥፋቱ ውስጥ የሸረሪት ድር አለ፤ ድሩም አቧራ ጠጥቷል።

"አልሞከረውም" አለች።

"ማን ሊጮህበት ብሎ ይሞክር?" አሉ አማቷ። ስለ ፈረስ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገሩት።

ሴትየዋ ቆማ ቋጠሮውን አየች። ለካ ማንም ማንንም አላሸነፈም። እጇን ሰድዳ ነካችው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። እጥፋቱን በጣቷ ተከተለችው። ሁለቴ ምሰሶውን ይዞራል፣ ከዚያ የፈረስ አፍ በማይደርስበት በኩል ከጣውላው ጀርባ ይገባል፣ እዚያ ጫፉ ተሸጉጧል። ዘዴው ይኸው ነበር። ከጀርባ ያለው ራሱ እንደ ጫማ ክር የታሰረ ነው፣ ተማሪ ቤት ያልገባ ሕፃን የሚያስረው ዓይነት። ጫፉን ሳብ አደረገችው። ልታየው ብቻ ነበር።

ተፈታ።

በሩ በራሱ ክብደት ሲጥ እያለ ወደ መስኩ ተከፈተ።

"አለቀ?" አሉ ሽማግሌው።

"አለቀ።"

ሄዳ ባዝራይቱን አወጣቻት። ባዝራይቱ እያንዳንዱን እግሯን መርጣ እያስቀመጠች በበሩ አለፈች፤ ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሏት። ሌባው መጨረሻ ላይ፣ ሰው የጠራው ይመስል አንዴ ዞር ብሎ፣ ገባ።

"'እንኳን እሱ፣ አያቱም አይፈታው' ብሎኝ ነበር" አለች።

"የማን አያት?"

"የፈረሱ።"

የሽማግሌው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ስለነበር ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቀም። እሷ ገመዱን ይዛ ቆማለች። ባሏ ባጠፈበት ሁሉ እንደታጠፈ ነው፣ ብትዘረጋውም አይቃናም። አሁን ላለቅስ ነው ብላ ጠበቀች። እንባው አልመጣም። ከጠዋት ጀምሮ የተላጠው መዳፏ ግን ያን ጊዜ ማቃጠል ጀመረ።

"አባባ፣ እጄን አመመኝ" አለች።

"ነይ ልጄ፣ እንጠበው።"

ማታ ፈረሶቹ ሲመለሱ በሩን በዚያው ገመድ አሰረችው፤ እንደ ጫማ ክር፣ ሌባው እንዲደርስበት በፊት ለፊት በኩል። ጠዋት ኪሷ ውስጥ ደረቅ ዳቦ ይዛ ወጣች። ቋጠሮው እንዳሰረችው ነበር። በማግስቱም እንደዚያው። ዳቦውን ለባዝራይቱ ሰጠቻት።

ባዝራይቱ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ ሴት ውርንጭላ ወለደች፤ ወሬውን ሬዲዮ በአንድ ቀን አዳረሰው። አማቷ በሩ ላይ የብረት መቀርቀሪያ አስገጠሙ። ገመዱ ልብስ ማስጫ ሆነ። ሌባው አርጅቶ እስኪሞት አንድም ቋጠሮ አልፈታም።