ማንጋቴን የገባው ወፍጮ

ቅዳሜ ማለት ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ላለው ለፀደንያ ምግብ ቤት ገበያ የሚደራበት ቀን ነው። የዚያን ቅዳሜ ግን ባለቤቲቱ መሐረቧን ጭንቅላቷ ላይ እያሰረች፣ «ዛሬ እኔን አትጠብቁኝ!» ብላ ሠራተኞቿን ጥላ ወጣች። ወፍጮው ጁባ ገብቷል! ከካምፓላ ተጭኖ፣ በኒሙሌ ድንበር ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ኬላ አልፎ ገብቷል።

ወፍጮውን ያስመጣው «እፍኝ» ነው። «እፍኝ» ጁባ ያሉ ጥቂት ኢትዮጵያውያን፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ከየሥራቸው ሰዓት ቆርሰው ያለ ደሞዝ የሚያገለግሉበት የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማንጋቴን በተባለው የከተማው መጠለያ ላሉት ተፈናቃዮች ዱቄት ሲያድል ቆይቷል። አንድ ቀን ታዲያ ኛሩዋች የምትባል ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገር የኑዌር ሴት ዱቄቷን ተቀብላ ስታበቃ ፀደንያን ጠጋ አለቻት።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ ዱቄት እኮ ያልቃል። ማሽላውንስ ከእርዳታም ከገበያም እናገኛለን። የቸገረን ወፍጮ ነው። ሩቅ ተሸክመን ሄደን ስናስፈጭ ባለወፍጮው ከእህላችን ይቆርጥብናል። ብቻ እናንተ አቁሙልን፣ እኛ ሴቶቹ እናስተዳድረዋለን።»

ነገሩ ከፀደንያ ልብ አልወጣ አለ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስታነሳው፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው አባል ደበበ ራሱን ነቀነቀ።

«ነዳጁን ማን ሊችለው? ሲሰበርስ? ይኼ ነገር ሳይውል ሳያድር የዶሮ ማደሪያ ነው የሚሆነው።»

«እነሱ እንችላለን እያሉ እኛ ምን ቤት ነን አትችሉም የምንለው?» ብላ አፋጠጠችው።

ክርክሩ ቢከርም ፀደንያ ረታች። ደበበም እያጉረመረመ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮና ሚስማር ከራሱ ሱቅ አውጥቶ ሰጠ።

ያን ቅዳሜ ታዲያ ወፍጮውን አይሱዙ ላይ ጭነው ፀደንያ፣ ደበበና የጄኔሬተር መካኒኩ ረታ አብረው ተሳፈሩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወደ መጠለያው የሚያስገባው መንገድ አረንቋ ሆኗል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የባሰ ይቀበራል። ረታ ከኋላ ሊገፋ ሞክሮ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ለበሰ።

«አይሆንም፣ መንገዱ ይድረቅና ሰኞ እንመለሳለን» አለ ደበበ።

«ሰኞ? ዛሬ ካልገባ ልቤ ነው የሚፈነዳው!»

እየተጨቃጨቁ ሳለ ከመጠለያው በኩል እልልታ ተሰማ። ኛሩዋች ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ወፍራም ገመድ ተሸክመው እየዘፈኑ መጡ። ማንም ምንም ሳይላቸው ገመዱን የመኪናው አፍንጫ ላይ አሰሩት። ፀደንያም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ መሐላቸው ገባች።

«ያላ!» አለች ኛሩዋች።

«ያላ! ያላ!»

ጎተቱ። መኪናው ተወዛወዘ፣ ተመልሶ ሰመጠ። እንደገና ጎተቱ። ድንገት ጎማው ከጭቃው ሲመዘዝ ሴቶቹ በሙሉ እርስ በርስ ተደራርበው ወደቁ። ፀደንያ ከሥር ሆና በሳቅ ትንፋሿ እስኪያጥራት ድረስ አልተነሳችም።

ወፍጮው ወርዶ ከተተከለ በኋላ ረታ የሞተሩን ማዞሪያ ይዞ አሽከረከረ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ። ደገመ። ሠለሰ። አልነሳም አለ። ፀደንያ ቀስ ብላ ወደ ደበበ ተመለከተች፤ «ብዬ ነበር» ሊል ነው ብላ ፈርታለች። ደበበ ግን ሸሚዙን ጠቅልሎ ረታ አጠገብ ተንበረከከ።

«አየር ይዞ እንዳይሆን?»

«ሳይሆን አይቀርም» አለ ረታ። የነዳጁን ቧንቧ አላልቶ አየሩን አስተነፈሰና መልሶ አጠበቀው። ይኼኔ ኛሩዋች መጥታ ማዞሪያውን አብራው ያዘች። ሁለቱ ባለ በሌለ ጉልበታቸው አዞሩት።

ዱግ… ዱግ… ዱግዱግዱግዱግ!

የእልልታው ብዛት ሞተሩን ዋጠው። አንዲት አሮጊት የመጀመሪያውን ማሽላ ጨመሩ። ከታች ሙቅ ዱቄት መውረድ ሲጀምር ደበበ መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለና ፊቱ ነጭ በነጭ እስኪሆን ድረስ አሸተተው። «ፈጨ! ኧረ ፈጨ እኮ!» እያለ ከሴቶቹ ጋር ይዘል ጀመር። ፀደንያ ሰውየውን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

ወዲያው ማሽላ ያልያዘ ሰው ጠፋ። ባልዲ፣ ጆንያ፣ ድስት ያንጠለጠለው ሁሉ ወፍጮ ቤቱን ከበበ። ኛሩዋች በር ላይ ቆማ በኑዌርኛም በዓረብኛም እየጮኸች ሰውን ታሰልፋለች። ፀደንያ ደስታው አላስቀምጣት ስላለ ከአንዷ ሴት ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ማሽላ ለመነችና በገዛ እጇ ልትጨምር ወደ ፊት ተሽቀዳደመች። ኛሩዋች ክንዷን ዘርግታ አገደቻት።

«እትዬ፣ ወረፋዎን ይያዙ እንጂ!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ፀደንያም እየሳቀች፣ ሳህኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደች።