ለሰይፈ መራጭ ነፃ ጉዞ የለም

ተክለብርሃን ዘጠነኛዋን መራጭ ከምርጫ ጣቢያው ማዶ ጥጉ ላይ ሲያወርዳት በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ አስታወሳት።

"ከሰይፈሥላሴ በቀር የፈለግሽውን ምረጪ፤ እሺ?"

ሴትዮዋ ሳቅ ብላ መንገዱን ተሻገረች። እሱም ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ሲስቅ ነው የዋለው፤ አንጀቱ ቅቤ እየጠጣ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ብድግ ብሎ፣ "ማክሰኞ መምረጥ የሚፈልግ ሁሉ ይደውልልኝ፤ በታክሲዬ በነፃ አደርሳለሁ" ሲል ስንቱ መረቀው። ለወገን የተቆረቆረ መስሏቸው ነው። እሱ የተቆረቆረው ለበቀሉ ነበር።

ሰይፈሥላሴ ሕግ ሲማር መኪናው ብትበላሽበት አንድ ክረምት ሙሉ በየማለዳው ትምህርት ቤት ያደረሰው ተክለብርሃን ነው። የጥብቅና ፈተናውን እንዲቀመጥ ገንዘብ ያዋጡለትም የታክሲ ማኅበሩ ሾፌሮች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ በስልክ አፕ መኪና መጥራት ጀመረና የታክሲ ሥራ ተንኮታኮተ። ሾፌሮቹ አቤት ሊሉ ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ ከአፑ ኩባንያ ጠበቆች መሃል ተቀምጦ ያገኙት ማንን ነው? ሰይፈሥላሴን። ተነሥቶ፣ "እነዚህ ሰዎች ዘመኑ ጥሏቸው ሄዷል" አለ በእንግሊዝኛ፤ ተክለብርሃንን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው። ዛሬ ተክለብርሃን አሥራ አምስት ዓመት ሠርቶ የገዛውን የማኅበሩን አክሲዮን የሚገዛው የለም። ሚስቱ ፋና ጡረታ በምትወጣበት ዕድሜ በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ ተቀጥራ ትሠራለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያ ሰው ነው እንግዲህ ለካሊፎርኒያ ምክር ቤት የሚወዳደረው። ዛሬ ፕራይመሪው፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው፤ ከሰባቱ ተወዳዳሪዎች ለኖቬምበሩ ምርጫ የሚያልፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የአንደኛዋ ተወዳዳሪ ማለፍ የተረጋገጠ ነበር። ለሁለተኛው ቦታ ግን ሰይፈሥላሴና አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። በኖቬምበር አገሩ ሁሉ ወጥቶ ስለሚመርጥ የተክለብርሃን ሰዎች ድምፅ ከቁጥር አይገባም። በፕራይመሪ ግን ሰዉ ቤቱ ነው የሚውለው፤ አሥር ሰው እንኳ ዋጋ አለው።

"ጠላትህን በር ላይ ሳለ ነው መጣል" ብሎታል ጓደኛውን ወንድይፍራውን። "ሳሎን ከገባ በኋላ ማን ያስወጣዋል?"

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን እትዬ ፀሐይወርቅ ደወሉ። ፌርፋክስ ላይ ሽሮና በርበሬ የሚሸጡ የሰባ አራት ዓመት ሴት ናቸው። ሱቁን ገና መዝጋታቸው ነው። የሚመርጡት ሠፈራቸው ዌስት አዳምስ ሲሆን ጣቢያው ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተክለብርሃን በርሮ ደረሰ። "አሥረኛዋ!" አለ በልቡ።

"የመጀመሪያዬ እኮ ነው" አሉት ፍሪዌዩ ላይ ሲወጡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው። "በንጉሡ ጊዜ እኔን ማን ይጠይቀኛል? በደርግ ጊዜ እጅ አውጡ ሲሉን አወጣን። ዛሬ ገና በራሴ ልመርጥ ነው።"

"እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ለመሆኑ ማንን ሊመርጡ አሰቡ?"

"ሰይፈን ነዋ።"

ተክለብርሃን መሪውን ጨበጠ።

"እኛን ያደረገንን አልሰሙም እትዬ?"

"ሰምቻለሁ። ክፉ ነው የሠራባችሁ። እኔን ደግሞ የሲቲዝንሺፕ ፎርሜን ሞላልኝ፤ ኢንተርቪው ላይ አብሮኝ ገባ፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም። ታዲያ እኔ የናንተን ክፉ ይዤ የኔን ደግ ልካድ?"

 ወደ ሠፈራቸው የሚያስገባው የክሬንሾ መውጫ ሲመጣ ፍሬቻ አላሳየም። እጁ መሪው ላይ እንደ ደረቀ መውጫው በቀኝ በኩል አለፈ።

"ተክሌ፣ ክሬንሾ አለፈን።"

"ትራፊክ አለ። በሌላ በኩል ልሞክር ብዬ ነው።"

መንገዱ ክፍት ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅ በመስኮት አዩት። በተረጋጋ ድምፅ፣ "እሁድ እግዜር ቤት ቆመህ 'ሁሉንም አደርሳለሁ' አልክ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉት።

ሰዓቱ ገና አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነው። ወደ መሃል ከተማ ትንሽ ቢነዳ አለቀ፤ ሰይፈሥላሴ አንድ ድምፅ አጣ። ይህን ሲያስብ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን በመስተዋቱ የታየው የራሱ ፊት ሳይሆን የሰይፈሥላሴ ፊት ነው፤ አምነው የረዱትን ሰዎች መንገድ ላይ የከዳው እሱ አልነበረም እንዴ? በዚያ ሰው መከዳቱ ሳያንስ ደግሞ እሱን መምሰል! በጣም ተናደደ። በእትዬ ፀሐይወርቅም፣ በራሱም፣ ከሁሉ በላይ በሰይፈሥላሴ።

በሚቀጥለው መውጫ ወጥቶ ታክሲውን አዞረ። ከዚያም እጁን ሰደደና ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ የዋለውን የሒሳብ ቆጣሪ፣ ሜትሩን አበራ።

"በነፃ አላልክም?"

"ለሰይፈ መራጭ ነፃ ጉዞ የለም እትዬ። ከፈለጉ ይቀየሙኝ።"

"አልቀየምህም" አሉ እየተመቻቹ። "ይቁጠር።"

ሰባት ደቂቃ ለሁለት ጉዳይ ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ሜትሩ ሰባት ዶላር ከስልሳ አምስት ይላል። እትዬ ፀሐይወርቅ አሥር ዶላር ሰጡት።

"መልሱን ያዘው።"

"ከሱ መራጭ ቲፕ አልቀበልም።"

ሁለት ዶላር ከሠላሳ አምስቱን አንድ ሳንቲም ሳያጎድል መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ወርዶ በሩን ከፈተ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ክንዳቸውን ይዞ እስከ ደረጃው አደረሳቸው። እሳቸው ግን ሳይገቡ ዘወር አሉ።

"መመለሻውስ? ቤቴ ዳገት ላይ ነው።"

"መመለሻው በነፃ ነው" አለ ፊቱን እንዳጨፈገገ። "ያኔ የሱ መራጭ አይደሉም፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ብቻ ነዎት። አሁን ይግቡ፣ ሊዘጉ ነው።"

ገቡ። ተክለብርሃን ወደ ታክሲው ተመልሶ ሜትሩን አጠፋ፤ የሳቸው ድምፅ ተጨምሮለትም ሰይፈሥላሴ በሁለት ድምፅ ብቻ ተበልጦ እንዲወድቅ እየተመኘ ይጠብቃቸው ጀመር።