የስድስተኛው ጥያቄ መልስ

የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሕግ ነጻ ነው። ሚኒስትር አያዝዘውም፤ የስልክ ኩባንያም አይገዛውም፤ የሚጠይቀው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ምክር ቤቱም በዓመት አንድ ቀን፣ በቋሚ ኮሚቴው አዳራሽ፣ ለሦስት ሰዓት ይጠይቀዋል። የጥያቄዎቹን ዝርዝር ግን የሚጽፈው ተጠያቂው ራሱ ነበር። ልማዱን ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ የለም። የኮሚቴው ጸሐፊ «የአባላቱን ሥራ ለማቃለል» ብላ ዝርዝሩን ከመሥሪያ ቤቱ ታስልካለች፤ የሪፖርት ክፍሉ ባለሙያም ጥያቄውን በግራ፣ መልሱን በቀኝ ዐምድ አድርጎ ይልካል። ይህን ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «አፈ ጉባኤው» ይሉት ነበር።

«አፈ ጉባኤው፣ ዘንድሮ ምክር ቤቱ ምን አለ?»

«ገና አልጻፍኩትም» ይላቸዋል፤ ይሥቃሉ።

በዚያ ዓመት አልሣቀም። እኅቱ ከከተማ በራቀ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። በዚያ አገር መብራት በሄደ ቁጥር የስልክ ማማው አብሮ ጸጥ ይላል፤ አምቡላንስ የሚጠራበትም መስመር ይቋረጣል። ኩባንያው በየማማው መጠባበቂያ ባትሪ የመትከል ግዴታ ነበረበት፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ሦስት ጊዜ የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶታል፤ አራተኛው በወሩ መጨረሻ ሊፈረም ነው። ይህን ሊያስቆም የሚችለው ኮሚቴው ብቻ ነበር።

«ወንድምዓለም፣» ብላው ነበር እኅቱ፣ «ሁለተኛዋም ወላድ እጄ ላይ አለፈች። ስልኩን ይዤ ዳገት ለዳገት ስሮጥ ደሟ ፈሶ አለቀ። እናንተ እዚያ ተቀምጣችሁ የምትቆጣጠሩት ምኑን ነው?»

«ዘንድሮ ይጠየቃል።»

«ማን ይጠይቃል?»



ስድስተኛ ጥያቄ አድርጎ ጻፈው፤ «ባትሪ ያልተተከለባቸው ማማዎች ስንት ናቸው? እፎይታውስ ስለ ምን ይራዘማል?» ዋና ዳይሬክተሩ ረቂቁን እያነበበ መጥቶ በባዶው የቀኝ ዐምድ ላይ ቆመ።

«መልሱስ?»

«እርስዎ ቢመልሱት ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ መቼ ነው ያልተጻፈልኝን መልሼ የማውቀው? ወይ መልስ ጻፍለት፣ ወይ ሰርዘው።»

ጥያቄው እንዳይሰረዝ ሲል ጻፈ፤ «ባትሪዎቹ በሙሉ ተተክለዋል፤ እፎይታው ለርክክብ ሥርዐት ብቻ ነው።» ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ፍርሃቱን ብልሃት ብሎ ጠራው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መልሱን ተጠራጥረው ማስረጃ እንዲጠይቁ ተስፋ አድርጎ ነበር። ወደ ቤታቸው እንዳይሄድ ሰው ያየኛል ብሎ ፈራ፤ ደወለላቸው። የዚያ መሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ስልክ እንደሚጠለፍ ስለሚያውቁ በስልክ ቁም ነገር አይናገሩም።

«መምህር፣ ስድስተኛዋን አደራ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

«አታስብ ልጄ፣ እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ።»

መምህሩ ቃላቸውን ጠበቁ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ለተማሪ ቃል እንደሚያስጽፉ ሁሉ ቀስ ብለው፣ ስድስተኛውን ጥያቄ አነበቡ። ዋና ዳይሬክተሩም የቀኙን ዐምድ አነበበ። ባለሙያው ከኋላ ረድፍ ሆኖ መምህሩን በዐይኑ ይለምናቸው ነበር።

«ተተክለው አልቀዋል?» አሉ መምህሩ።

«አልቀዋል፣ ክቡር አባል።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ዓመቱን ሙሉ ይታቀዳል፣ ይጠናል፣ በሂደት ላይ ነው ስንባል ከርመን አንድ ያለቀ ነገር ሰማን። ምስጋናዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ባለሙያው በጭብጨባው መካከል ተነሣ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ሐሰት ነው! አንድ ባትሪ እንኳ አልተተከለም። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውንም!»

«ማን ነዎት እርስዎ?» አለች ሰብሳቢዋ። «ማን ፈቀደልዎት?»

«ቁጭ በል አንተ ሰውዬ፣ ጨረስከን!» እያለ አንድ ባልደረባው ኮቱን ይጎትተዋል።

ዋና ዳይሬክተሩ አልተቆጣም። «ሠራተኛችን ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ። ሐሰት መጻፉን በገዛ አንደበቱ አምኗል። እኛም እንደ እናንተው ተታልለናል። ጉዳዩን አጣርተን በሚመጣው ዓመት ሪፖርት እናቀርባለን።»

«እፎይታውስ?» ብሎ ጮኸ ባለሙያው። «በወሩ መጨረሻ ሊፈረም ነው እኮ!»

«የፊርማው ጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «ኮሚቴው በገለልተኛ መሥሪያ ቤት የውስጥ ሥራ ጣልቃ አይገባም። ሰባተኛ ጥያቄ።»

ጥበቃው ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው በመምህሩ ወንበር በኩል አለፉ። መምህሩ ወረቀቱን ከፊታቸው ገፍተውት ነበር።

«ምነው ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው በነገርከኝ?»

ከአዳራሹ ውጭ፣ በደረጃው ላይ ቆሞ ለእኅቱ ደወለ።

«ጠየቁ?»

«ጠየቁ።»

«እሰይ! ምን ተባለ?»

መልሱን ማን እንደ ጻፈው ሳይደብቅ ሁሉን ነገራት።

«አንተ?» አለችው። «አንተ ነህ ተተክሏል ያልከው?»

«እኔ ነኝ። እርገሚኝ፤ ግን አሁን ስሚኝ። ስልኩን አትጠብቂ። ቀናቸው የተቃረበ ነፍሰ ጡሮችን ሁሉ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያው ውስጥ አስተኚያቸው። ስንት ናቸው?»

መዝገብ ስትገልጥ ሰማ።

«በዚህ ወር ብቻ ዐሥራ አራት።»

«አልጋውስ?»

«ሁለት» አለች። «አንዱ ተይዟል።»