አክስቴ የጠጣችው ሾርባ

እናቴ ለጡት ካንሰሯ ኬሞ ከጀመረች ወዲህ እኔ ሳላብድ መቆየቴ ይገርመኛል። ጓንዡ ከተማ ባለው ሆስፒታል የሚያክሟት ዶክተር ሉዎ፣ "ዶሮም፣ አሳም፣ እንቁላልም ትብላ፤ አቅም ያስፈልጋታል" ብለውኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አውራ ዶሮ በዝንጅብል ቀቅዬ ሾርባውን በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ።

ችግሩ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ባኦጀን ናት። አስታማሚ ነኝ ብላ ከአልጋው አጠገብ ሰፍራለች።

"አንተ ልጅ፣ አውራ ዶሮ እኮ በሽታ ይቀሰቅሳል። የተኛውን ልትቀሰቅስባት ነው?"

"ሐኪሟ ናቸው ያዘዙት።"

"ሐኪሟ የትናንት ልጅ ናት።"

ለእናቴ ውሃ ውሃ የሚል የሩዝ አጥሚት ትሰጣታለች። ሾርባውን ግን "ምግብ መድፋት ነውር ነው" ብላ ኮሪደር ላይ ትቀመጥና አጥንቱን ሳይቀር ግጣ ትጨርሰዋለች።

ዛሬ እናቴ ስትመዘን ክብደቷ ወርዶ ተገኘ። ደሟም ስላነሰ ኬሞው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የአክስቴ ጃኬት በበኩሉ አልቆለፍ ብሏታል።

"አየህ?" አለችኝ ሆዷን እየዳበሰች። "እኔን ጤነኛዋን እንዲህ ያሳበጠ፣ እሷን ምን ሊያደርጋት ነበር?"

እሷ ፔርሙዙን ይዛ ስትወጣ እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ሁለት ዶሮ ቀቅል" አለችኝ። "አንዱን ኮሪደር ላይ ስጣት። እሱን ግጣ እስክትመለስ እኔ የኔን እበላለሁ።"