ከመጋረጃው ጀርባ የወጣው ማልሃር

ነሲበን የዝናብ ወቅቱን የሕንድ ዜማ፣ የማልሃርን ራጋ፣ የተማረችው ከመጋረጃ ጀርባ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። የዜማ መምህሩ አባቷ ኡስታድ ገፉር ዕውቀታቸውን የሚሰጡት ለወንዱ ልጃቸው ለኢምዳድ ብቻ ነበር፤ ሴት ልጃቸው አዜመች ከተባለ የጓልየር ከተማ ሰው ምን ይላል! ጆሮዋን ግን ማን ይከልክላት? አሥራ ሁለት ክረምት ሰማች።

አባትየው በሞቱ በዓመቱ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ኢምዳድ በመታሰቢያቸው ቀን ባለ ክሩን ታንፑራ ታቅፎ ሊያዜም ተቀመጠ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ማልሃር ውስጥ ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች አሉ፤ እየተንቀጠቀጡ አንዱ ወደ ሌላው መንሸራተት አለበት። ኢምዳድ እዚያ ሲደርስ ሳተ። ደገመ፤ ሳተ። በሦስተኛው ድምፁ ተሰነጠቀ።

"አባትህን ዛሬ ደግመህ ቀበርካቸው እኮ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተነሣ።

ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችው ነሲበን አላሰበችበትም። አፏ ተከፈተና ያ ድምፅ ወጣ፤ ልክ አባቷ እንደሚያወጡት፣ ከሆድ። ታብላ የሚሉትን ጥንድ ከበሮ የሚመቱት ሽማግሌው ቡንዱ፣ "ያ አላህ! ኡስታድ መጡ!" ብለው ምታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

ኢምዳድ መጋረጃውን ከነዘንጉ ገነጠለው። በጸጉሯ ጎትቶ ምንጣፉ ላይ ጣላት።

"በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? አንቺ!"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ልረዳህ ብዬ…"

ታንፑራውን በአንገቱ ይዞ ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈው። የመሣሪያው ቅል ፍርክስክስ አለ። ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ። ደረቷ ላይ ወጥቶ፣ "ይሄ ነው ያዜመው? ይሄ?" እያለ ጉሮሮዋን በሁለት አውራ ጣቱ ተጫነው። እንግዳው ይጮኻል እንጂ የሚገላግል የለም፤ የወንድምና የእህት ጉዳይ ነዋ። እጇ ምንጣፉን ሲዳብስ ቡንዱ ታብላቸውን የሚቃኙባትን መዶሻ አገኘ። መንጋጋው ላይ መታችው። አልለቀቀም። ደግማ መታችው። ጥርሱ ፊቷ ላይ ሲረግፍ ለቀቃት።

መንጋጋው ተጣሞ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲያ አላዜመም። የእሷም ጉሮሮ ሻከረ፤ ጥርት ያለው ድምጿ አልተመለሰም። ዘመድ አዝማድ "ወንድሟን የሰበረች" ብሎ አገለላት።

በወሩ ቡንዱ ታብላቸውን ተሸክመው በሯን አንኳኩ።

"ጉሮሮዬ ሞተ አልሽ አሉ።"

"አባባ፣ ቁራ ሆኛለሁ።"

"ደመናስ መቼ አሳምሮ ያጉረመርማል? ይልቅ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ገና ማልሃርን ማዜም ስትጀምር ከጎረቤት የተወረወረ ድንጋይ ጣሪያውን ደበደበ። አላቋረጠችም።