አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀ

ይገዙ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በረዶ በወረደ ቅዳሜ ሁሉ፣ ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ወደ ተራራው ሲነዳ ኖሯል። በጎ ፈቃደኛ ስኪ ፓትሮል ነው፤ በበረዶው ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተት የወደቀ ያነሳል፣ የተሰበረ አስሮ ጀልባ በመሰለ መጎተቻ ያወርዳል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው፣ የመጀመሪያ እርዳታውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ነው የፓትሮልነቱን ፈተና ያለፈው። በዚያ ላይ ያገሩን ሰው ስኪ ያስተምራል። ስንቱን በእግሩ አቆመ መሰላችሁ።

ካስተማራቸው አንዱ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ኢንጂነር ዓብዩ ነው። የመጀመሪያ ቀን እግሩ እንደ ጥጃ እየተብረከረከ የይገዙን ጃኬት ጨምድዶ አልለቅም ያለ ሰው፣ ዛሬ የስኪ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኗል። ባለፈው ወር በማኅበሩ እራት ላይ ማይክ ይዞ፣ ዩቱብ እያየ ራሱን እንዳስተማረ ተረከ። ይገዙን ሲያይ ደግሞ «አምቡላንሳችንም መጥቷል» ብሎ አሳቀበት። ይገዙም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓብዩ በሰው ፊት፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው እንዲል።

ቅዳሜ ዕለት ማኅበሩ በሁለት አውቶብስ መጣ። ዓብዩ ፊት ፊት እየመራ ሲወርድ መታጠፊያው ላይ ተሽከረከረና ወደቀ። በሬዲዮ የተጠራው ይገዙ ነበር። ደርሶ ተንበረከከና ጉልበቱን አሞት እንደሆነ ጠየቀው።

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩ። አይቸገሩ» አለ ዓብዩ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ እንደያዘ። ማኅበርተኛው ከቦ ቆሟል።

ያገራችን ሰው የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» መልስ አይደለም፤ እንግዳ ማዕድ ላይ እንደሚለው «ጠግቤያለሁ» ነው። ይህን ለአሜሪካኖቹ ፓትሮሎች ያስረዳ ራሱ ይገዙ ነው፤ የኛን ሰው ሦስቴ ጠይቁት፣ ያኔ እውነቱን ያወጣል እያለ። አሁን ግን የዚያ እራት ሳቅ ጆሮው ውስጥ ነበር።

«እንግዲያው ፈርም» አለና፣ እርዳታ አልፈልግም የሚለውን ወረቀት ዘረጋለት።

ዓብዩ ቀና ብሎ አየው። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ፈረመ።

ተነስቶ ሃያ ሜትር ያህል እንደወረደ ጉልበቱ ከዳው። ጩኸቱ እታች ድረስ ተሰማ። ይገዙ ራሱ አስሮ፣ ራሱ ጎትቶ አወረደው። ታች ሲደርሱ ዓብዩ የከበበውን ሰው እያየ፣ «ስኪ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው» አለ። «ዛሬም ያወረዱኝ እሳቸው ናቸው።»

ይገዙ ቀና አላለም፤ ማሰሪያውን መፍታት ያዘ።

የፓትሮሉ አለቃ ቲና የተፈረመውን ወረቀት አንብባ ወደ ጥግ ጠራችው። ስንት ጊዜ እንደጠየቀው ጠየቀችው።

ሦስቴ ብጠይቀው ኖሮ ጉልበቱ ይተርፍ ነበር፤ ስሜን ግን ዕድሜውን ሙሉ አያነሳም ነበር ሲል አሰበ። ደሙ ፈላ፤ በማን እንደሆነ ግን እሱም አላወቀው።

«አንዴ» አላት።

ቲና የፓትሮል ሬዲዮውን እንዲያስረክባት እጇን ዘረጋች።